እጅ የማይገባበት መብራት፦ ጠጋኝ ባልታሰበበት መኪና ላይ ቀላል ጥገና እንዴት ይሠራል

ባለፈው ክረምት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ የግራ የፊት መብራቴ ጠፋ። መሽቷል፣ ጭጋጉ ወፍራም ነው፣ ዝናቡም ያካፋል። አንድ መብራቱ ብቻ የበራ መኪና ከፊት ለሚመጣ ሹፌር ሞተር ሳይክል ይመስለዋል፤ በቂ ቦታ ሰጥቶ አያልፍም። እየሰጋሁ፣ ቀስ ብዬ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አምፖል ገዛሁ። ዋጋው የአንድ ሰው ምሳ አይሞላም። ሻጩም «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ግን የመብራቱ ጀርባ ከባትሪው ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም። መሃላቸው ያለችው ክፍተት ሦስት ጣት ታስገባለች እንጂ እጅ አታስገባም። በዓይን ማየትማ የማይታሰብ ነው። እጄን ጠምዝዤ አስገብቼ በዳበሳ ስፈልግ፣ አምፖሉን የሚይዘው ሽቦ ከማጠፊያው ወጥቶ ወደ ታች ገባ። የአምስት ደቂቃው ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የእጄ ጀርባ ተላጠ። በጣም የቆጨኝ ግን ቁስሉ አይደለም። ባትሪውን ለማውጣት ሁለት የገመድ ማሰሪያና አንድ መያዣ ብረት መፍታት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ያንን ባደርግ ኖሮ እጄ እስከ ክርኔ ይገባ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ቀላል ጥገና ራሱ ለመሥራት ይሞክራል፤ እጁ አልገባ ሲለው በጉልበት ይታገላል፣ አንድ ነገር ይሰብራል፣ ከዚያ «እኔ አልችልበትም» ብሎ እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ጥፋቱ የሰውዬው አይደለም። መኪናው ሲነደፍ ጠጋኙን ያስታወሰው የለም። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ማንኛውም ሥራ ሁለት ሥራ ነው፤ አንደኛው ወደ ዕቃው የሚያደርሰውን መንገድ መክፈት፣ ሁለተኛው ዕቃውን መቀየር። ሁለተኛው ሁልጊዜ ቀላል ነው። መጀመሪያ መንገዱን ክፈቱ፣ ከዚያ ዕቃውን ንኩ።

ለምን እንዲህ ሆነ?

መኪና ፋብሪካ ውስጥ የሚገጣጠምበት ቅደም ተከተልና ጋራዥ ውስጥ የሚፈታበት ቅደም ተከተል ለየቅል ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ራዲያተሩ፣ የፊት መብራቶቹና እነሱን የሚሸከመው ብረት ለብቻቸው ተገጣጥመው ያልቁና አንድ ላይ ከፊት ይገጠማሉ። አምፖሉ ያን ጊዜ መብራቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚመጣው። ለገጣጣሚው ምንም አይከብደውም። ባትሪው፣ የአየር ቱቦውና የውሃ ማጠራቀሚያው በኋላ ይመጡና ከጀርባው ይደረደራሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ አምፖሉ ከሁሉም በታች ተቀብሯል። በዚያ ላይ የዛሬ መኪና አፍንጫው አጭር፣ ውስጡ ሰፊ እንዲሆን ስለሚፈለግ ሞተሩ በወርዱ ተጋድሞ ይቀመጥና ዙሪያው በሙሉ በዕቃ ይጠቀጠቃል።

ቮልስ የነዳ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ገመዶቹንና የነዳጅ ቱቦውን ነቅለው፣ አራቱን ፈትተው፣ ክሪክ ደግፈው ያወርዱታል። የዲኤክስ ኮሮላ ኮፈን ሲከፈትም በሞተሩና በፓርፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የጎን ቆርቆሮ) መካከል ሰው እጁን ዘና አድርጎ ያስገባል። እነዚያ መኪኖች አዲስ አበባ ላይ ያን ያህል ዓመት የቆዩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንይ። ዕቃው ተደብቆ መቀመጡ በራሱ መጥፎ ንድፍ አይደለም። የሚኒባሶቻችን የሃይስ ሞተር ከፊት መቀመጫ ስር ነው። የተደበቀ ነው፤ ነገር ግን መቀመጫው ይነሳል፣ ሹፌሩም ዘይቱን አይቶ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ትውልድ ሬኖ ሜጋን የፊት አምፖሉ በጎማው በኩል ነው የሚቀየረው፤ ለዚያም ጎማው ላይ ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ትንሽ መዝጊያ ተሠርቶለታል። ያስቸግራል፣ እጅ ያቆሽሻል፣ ቢሆንም በር ትተውለታል። የሚያናድደው በር ሳይኖረው የተቀበረው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ከ2001 እስከ 2006 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው የክራይስለር ሴብሪንግ ሴዳን ባትሪ ከግራ የፊት ጎማ ፊት፣ ከፓራውልቱ (ከፊት ግጭት መከላከያው) ጀርባ ነው የተሸጎጠው። ባትሪ ለመቀየር መኪናውን በክሪክ ያነሳሉ፣ ጎማ ያወጣሉ ወይም መሪ አጥፈው የጎማውን ሽፋን ይፈታሉ። ሌክሰስ ኤልኤስ 400 እና ባለ 4.7 ሊትር ቤንዚን ላንድክሩዘር 100 ሞተሪኗቸው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) ከላይ፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከአየር ማስገቢያው ስር ነው። ሞተሪኖ ለማውጣት አየር ማስገቢያው በሙሉ ይነሳል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ፎርድ ኤክስፕሎረር ወይም ኤጅ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ከያዛችሁ ልብ በሉ፤ ሞተሩ በወርዱ በተጋደመባቸው በእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የውሃ ፓምፓቸው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው የሚዞረው። ሲያፈስ ውሃው ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እነዚህ በግቢ ውስጥ የሚሞከሩ ሥራዎች አይደሉም። የኛ ጉዳይ ከነሱ ያነሱት ናቸው፤ አምፖል፣ ባትሪ፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የዘይት ፊልትሮ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የመመሪያ መጽሐፉን ፈልጉ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 48 አለ። የሚቀየር አምፖል ያለው መብራት ከመኪናው ጋር ከተሰጠው ውጭ ልዩ መሣሪያ ሳይጠይቅ፣ በባለቤቱ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው መሠረት መቀየር መቻል አለበት ይላል። ደንቡ ቀላል ይሁን አይልም፤ ይቻል ነው የሚለው። ለኛ ግን ይጠቅመናል፤ በዚያ ደንብ የተሠራ መኪና ከሆነ አካሄዱ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መጽሐፉ ከሌለ የሞዴሉን ስምና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ በነፃ ይገኛሉ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ሥዕሉ በአንዳንድ ቦታ ላይገጥም ይችላልና በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ጤነኛውን ጎን እዩ። የግራው መብራት ከተቃጠለ የቀኙን ጀርባ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ባትሪ ሲኖር ሌላኛው ጎን ክፍት ነው። ሶኬቱ እንዴት እንደተቀመጠ፣ የአምፖሉን ጀርባ የሚሸፍነው ጎማ የቱ ጋ እንደሚያዝ፣ ሽቦው ወዴት እንደሚታጠፍ እዚያ በደንብ ይታያል። የግራው የሱ ግልባጭ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንደምታዩት አስቡት። ስልካችሁን ወደ ክፍተቱ አስገብታችሁ መብራቱን አብርታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ካሜራ ይደርሳል። እኔ ይህን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ ሽቦው አይወድቅብኝም ነበር።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ካቻቪቴ በሁለቱም ዓይነት፣ ፒንሳ፣ ባለ 8፣ 10 እና 12 ቁልፍ፣ ቢቻል ቡሶላ (ብሎኑን ከላይ የሚያለብስ ቁልፍ) ከነማስረዘሚያው፣ ትንሽ መስታወት፣ ዘንግ ላይ ያለ ማግኔት። ማግኔቱን አትናቁት፤ ብሎን መውደቁ አይቀርም። መሬት ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ካርቶን ዘርጉ፤ የወደቀው ነገር ወዲያው ይታያል። እጀ ረጅም ሸሚዝ ልበሱ፣ ወይም የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ቆርጣችሁ ክንዳችሁ ላይ አጥልቁ። የቆርቆሮ ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ ባትሪ አጠገብ ብረት ያጠለቀ እጅ አይገባም።

ጊዜውም ይታሰብ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቀን በብርሃን፣ የምትሄዱበት ቦታ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ለሥራ ሊረፍድ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የተጀመረ አምፖል በስብራት ነው የሚያልቀው።

አምፖሉ

ቁልፉ ይውጣ፣ መብራቱ ይጥፋ። መብራቱ የጠፋው ገና አሁን ከሆነ አምፖሉ ያቃጥላልና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ጠብቁ።

አሁን መንገዱን ምረጡ። ሦስት አለ። ከላይ የሚገባው መንገድ ባትሪውን፣ የአየር ቱቦውን ወይም የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚሞላበትን አንገት ማንሳት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበቃው ይኸኛው ነው፤ ሰው ግን ይሰንፍበታል። ሁለተኛው በጎማው በኩል ነው። መሪውን አጥፋችሁ የፓርፋንጎውን የውስጥ ሽፋን ክሊፖች መፍታት። የግራ መብራት ከሆነ መሪውን ወደ ቀኝ አጥፉ፣ የቀኝ ከሆነ ወደ ግራ። የጎማው የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከፊቱ ቦታ ይከፈታል። ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሦስት አራት ክሊፕ ፈትቶ ማጠፍ ይበቃል። ሦስተኛው ከፊት ነው፤ ፓራውልቱን ፈትቶ መብራቱን ከነቤቱ ማውጣት። ይህ ከባዱ ነው። ከ2008 እስከ 2012 የተሠራው ሼቭሮሌ ማሊቡ ላይ የፊት አምፖል ለመቀየር ፓራውልቱን መፍታት የግድ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ሁለቱንም አምፖል በአንድ ጊዜ ቀይሩ። ሌላው መኪና ላይም ቢሆን ሁለቱን ብትቀይሩ እመክራለሁ፤ አብረው የገቡ ከሆኑ ሁለተኛው ብዙ አይቆይም።

ስለ ፕላስቲክ ክሊፕ አንድ ቃል። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር አለ። አንዳንዱ ወደ ውጭ ይሳባል፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አንዳንዱ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ይዞራል። ሳታዩ አትሳቡ። ጸሐይ የመታው አሮጌ ፕላስቲክ ደረቅ ነው፤ በማለዳ ቅዝቃዜ ከምትሠሩት ትንሽ ሲሞቅ ሥሩት። አምስት ስድስት ትርፍ ክሊፕ ቀድማችሁ ግዙ፤ ሶማሌ ተራ በፍሬ ይሸጣል።

መንገዱ ተከፍቷል እንበል። አዲስ አበባ ላይ ብዙ መኪኖች የሚጠቀሙት ኤች 4 የሚባለውን አምፖል ነው፤ ረጅምና አጭር መብራት በአንድ ላይ ያለው፣ ጀርባው ላይ ሦስት እግር ያለው፣ 60 በ55 ዋት። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ገመዱን አትሳቡ፤ የሶኬቱን ሁለት ጎን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ትንሽ እያወዛወዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከሱ ቀጥሎ ጥቁር ጎማ አለ። ጠርዙ ላይ መያዣ ጆሮ ስላለው በዚያ ይወጣል። ከጎማው ስር አምፖሉን አፍኖ የያዘው ሽቦ ይገኛል።

ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው በአንድ ጫፉ ማጠፊያ ላይ ታስሯል፣ በሌላው ጫፉ መንጠቆ ስር ተይዟል። ለማስለቀቅ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ አምፖሉ ትጫኑታላችሁ፤ ከዚያ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ፤ ከዚያ ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል። ሳይጫኑ ወደ ጎን መግፋት ሽቦውን ያጣምመዋል። ከለቀቀ በኋላ አትሳቡት፤ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ፍለጋ ነው የሚሆነው፤ ያን ጊዜ ማግኔቱ ይደርስላችኋል።

አሮጌው አምፖል ከወጣ በኋላ አዲሱን ለማስገባት አትቸኩሉ። አሮጌውን መልሳችሁ አስገቡት። ሽቦውን ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ዝጉ። ሦስት አራት ጊዜ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ጣታችሁ እስኪለምደው። አምፖሉ ዙሪያው ላይ ሦስት ጥርስ አለው፤ የላይኛው ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በትክክል ሲቀመጥ አይወዛወዝም። ይህን በተቃጠለው አምፖል ብትለማመዱ ምንም አትከስሩም፤ በአዲሱ ብትለማመዱ ግን ብርጭቆውን መንካታችሁ አይቀርም።

ብርጭቆው አይነካም። የጣት ቅባት ብርጭቆው ላይ ከቀረ ሲሞቅ ያ ቦታ ብቻ ከሌላው በላይ ይግላል፤ አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ከብረቱ ያዙት። ከተነካ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉት።

ጎማውን ስትመልሱ ብዙዎቹ ላይ «ቶፕ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እሱ ወደ ላይ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን በጣት እየዳሰሳችሁ ተጭኖ መግባቱን አረጋግጡ። ይህን ቸል ያለ ሰው በክረምት እርጥበት፣ በበጋ አቧራ መብራቱ ውስጥ ይገባበታል፤ የውስጡ መስታወት ከደበዘዘ ደግሞ የሚቀየረው መብራቱ በሙሉ ነው። ባትሪውን መልሳችሁ ከማሰራችሁ በፊት ገመዱን ብቻ አገናኝታችሁ አብሩት። ረጅምም አጭርም ይሞከር። ከሠራ በኋላ ሌላው ይታሰር። ማታ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁማችሁ የሁለቱ ብርሃን ቁመት እኩል መሆኑን እዩ። አንዱ ወደ ላይ ከጠቆመ አምፖሉ በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው።

ሻጩ «ባለ መቶ ዋት ልስጥህ፣ ቀን ያስመስልልሃል» ካለ አትቀበሉ። ሶኬቱና ገመዱ የተሠሩት ለዚያ ሙቀት አይደለም፤ ቀልጠው ያየሁት ብዙ ነው። መብራታችሁ ከፋብሪካው ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀየር አምፖል የለውም፤ መኪና ስትገዙ መብራቱ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን የምታዩት ለዚህ ነው።

ባትሪው

ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቩ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይረሳውም። የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተገናኘ ነው። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቆርቆሮ ከነካ ይፈነጥቃል፣ ቁልፉ እስኪቀላ ሊደርስ ይችላል። ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም የለም። በጠባብ ቦታ ቁልፍ መንሸራተቱ ስለማይቀር ይህ ቅደም ተከተል ጠባብ ቦታ ላይ በጣም ያስፈልጋል። የተፈታውን ገመድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ራቅ አድርጉት፤ እየተመለሰ ይነካካል።

ባትሪው ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ወይም ከመቀመጫ ስር የተደበቀ ከሆነ ሦስት ነገር እወቁ። መጀመሪያ፣ እንዲህ ባሉ ብዙ መኪኖች ኮፈኑ ስር መነሻ ኬብል የሚታሰርበት ቦታ አለ፤ ቀይ ክዳን ፈልጉ። ባትሪ ስለሞተ ብቻ ሻንጣ መፈታታት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ሻንጣው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ባትሪው ሲሞት አይከፈትም፤ የብረት ቁልፉ የቱ ጋ እንደሚገባ ዛሬውኑ፣ መኪናው ጤና ሳለ ሞክሩት። ሦስተኛ፣ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ባትሪ ጋዝ የሚያስወጣበት ቀጭን ቱቦ አለው። ባትሪ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይህ ቱቦ ሳይመለስ ይቀራል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ቱቦውን መልሱ።

የብዙ ዘመናዊ ቢኤምደብሊው ባትሪ ደግሞ ከተቀየረ በኋላ በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት። ለአንድ ባትሪ ኮምፒውተር መጠየቅ ሰውን ከመኪናው ማራቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እውነታው ይኸው ስለሆነ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የሚመዘግብላችሁን ሰው አግኙ።

ካንዴላና ፊልትሮ

ካንዴላ ሲወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) ሶኬት በሙቀት የደረቀ ነው፤ ምላሱን በቀስታ ተጭናችሁ ነው የምትነቅሉት። ካንዴላውን ከማላላታችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉት። የአዲስ አበባ አቧራ እዚያ ውስጥ ተከማችቷል፤ ካንዴላው ሲወጣ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አዲሱን ለማስገባት አሥራ አምስት ሴንቲሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ቁራጭ ካንዴላው ጭንቅላት ላይ ሰኩና በእሱ አዙሩ። ጥርሱ ተጣሞ ከያዘ ቱቦው ካንዴላው ላይ ይንሸራተታል፣ ጥርስ አይበላም። ቁልፍ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ለማጥበቅ ብቻ ነው። ለጠባብ ቦታ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ሞተራችሁ ቪ6 ሆኖ በወርዱ የተጋደመ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለ 3.5 ሊትር ሲየና ወይም ቪ6 ራቭ 4፣ የኋላ ሦስቱ ካንዴላ ጋ ለመድረስ የላይኛው አየር ማስገቢያ ይነሳል። ጓርኒሲዮኑን (በመካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀድማችሁ ግዙ። አየር ማስገቢያው እንደተነሳ ክፍቶቹን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፤ ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁም ቁጠሩ። እዚያ የወደቀች አንዲት ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) ሞተር ታጠፋለች። ከ2004 እስከ 2008 የተሠራ ባለ 5.4 ሊትር ፎርድ ኤፍ-150 ካላችሁ ግን አትንኩት። የዚያ ሞተር ካንዴላ ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ስለሆነ ሲወጣ ታችኛው ቁራጭ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ተሰብሮ በመቅረት የታወቀ ነው። ማውጫ መሣሪያ ላለው ሰው ስጡት።

የዘይት ፊልትሮ ላይ ያለው ንዴት ሌላ ነው፤ ሲፈታ ዘይቱ ጭስ ማውጫው ወይም ብረቱ ላይ ይፈስሳል፣ ለቀናት ይሸታል። ፊልትሮውን ካላላችሁት በኋላ ፌስታል አልብሱትና በፌስታሉ ውስጥ አዙራችሁ አውጡት። ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ከ2009 ወዲህ ያሉ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፊልትሮው ወረቀት ብቻ ሆኖ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ክዳኑ በፒንሳ ወይም በሰንሰለት ከተፈታ ይሰነጠቃል፤ የሚፈታው በራሱ ባለ 64 ሚሊሜትር ቆብ መሰል ቁልፍ ነው። ሲታሰር የሚበቃው የማጥበቂያ ኃይል 25 ኒውተን ሜትር ነው። በጉልበት ያሰረው መካኒክ ለሚቀጥለው ሰው ስብራት እያዘጋጀ ነው። ከፊልትሮው ጋር የሚመጣውን ቀለበት ጎማ ሁልጊዜ ቀይሩ፣ ዘይትም ቀቡት።

ከሞተሩ ስር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን አታስጥሉ። አንድ ጋራዥ የኔን «ምንም አይጠቅምም፣ ሥራ ያበዛል» ብሎ ሳይነግረኝ አስቀርቶታል። ያወቅሁት ክረምት ላይ ውሃ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ላይ ሲረጭና ሲጮህ ነው። ሥራ ያበዛል የሚለው እውነት ነው፤ ስምንት ብሎን ይፈታል። ግን ጭቃና ውሃ የሚከላከለው እሱ ነው። መኪናችሁን ስትረከቡ ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ፤ ሽፋኑ አለ ወይ፣ ብሎኖቹስ ሙሉ ናቸው ወይ።

የት ላይ ማቆም

ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ገመድ የኤርባግ ነው፤ አይነቀልም። ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ይገድላል። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አገራችን ውስጥ እነዚህ መኪኖች እየበዙ ነው፤ ብርቱካናማውን ከሩቅ የሚያውቅ ዓይን ይኑራችሁ። የትንሹ 12 ቮልት ባትሪና የአምፖሉ ሥራ ግን እነሱም ላይ ያው ነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አይገባም፤ መደገፊያ ብረት ወይም ወፍራም እንጨት ይደረግ። አንድ ብሎን በትክክለኛ ቁልፍ አልፈታ ካለ ዘይት ቀብታችሁ ለነገ አሳድሩት።

መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ወደ ሁለቱም መብራት ጀርባ አስገቡ። ባትሪው የት ነው? ካንዴላው ይታያል? የዘይት ፊልትሮው የት ጋ ነው? ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ መቀመጫው ሲያወራ እናንተ ይህን እዩ። የዚያን መኪና ዓይነት የሚሠራ መካኒክ ካወቃችሁ «ምኑ ያስቸግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ደስ ብሎት ይነግራችኋል፤ ያን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ሥራውን ስትጨርሱ ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጻፉና ክሩስኮቱ ውስጥ አስቀምጡት። የኔ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ግራ መብራት። ባትሪው ይውጣ፣ 10 ቁልፍ፣ ኔጌቲቭ መጀመሪያ። ሽቦው ወደ ፊት ተጭኖ ወደ ቀኝ። ጎማው ቶፕ ወደ ላይ።» ባለፈው ወር ያው አምፖል እንደገና ተቃጠለ። ወረቀቱን አውጥቼ ሠራሁት፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ እጄም አልተላጠ።